እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚሰደደው ሶፋ

በየቤታችን ያለው ጥሩ ጥሩ ዕቃ የእኛ አይደለም፤ የእንግዳ ነው። አትሳቁ። እስቲ ተነሡና የራሳችሁን ቡፌ ክፈቱ። ፊት ለፊት ተደርድረው የሚያብረቀርቁት ብርጭቆዎች ከተገዙ ወዲህ ስንት ቀን ውኃ ጠጥታችሁባቸዋል? እናንተ የምትጠጡት ጆሮው በተሰበረው ኩባያ ነው። ወፍራሙ ብርድ ልብስ ከነላስቲኩ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ተኝቷል፤ እናንተ ስስ ነገር ተከናንባችሁ በሐምሌ ብርድ ትንቀጠቀጣላችሁ። ለምን ቢባል፣ ምናልባት አንድ ቀን የአክስታችሁ ልጅ ከክፍለ ሀገር መጥቶ ያድር ይሆናል። ልጁ ከመጣ ስንት ዓመቱ! ብርድ ልብሱ ግን አሁንም ይጠብቀዋል።

እኛ ግቢ ነገሩ ከዚህም ይብሳል። መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ፣ በአንድ የቆርቆሮ በር የምንገባ አምስት ቤተሰቦች ነን። ከአምስታችን የአንዳችንም ቤት የተሟላ የእንግዳ ዕቃ የለውም፤ አምስታችን ስንደመር ግን አንድ ደህና ሳሎን ይወጣናል። ሶፋው የእኔና የባለቤቴ የአስቴር ነው። ምንጣፉ፣ ቴሌቪዥኑና ብርጭቆዎቹ የወይዘሮ ብርቱካን ናቸው። መጋረጃውና ጠረጴዛው ከሌሎቹ ይመጣል። ከአምስቱ ወደ አንዱ ቤት እንግዳ ሊመጣ ነው በተባለ ቁጥር ሳሎኑ ከየቤቱ ተነሥቶ እዚያ ይገጣጠማል፤ እንግዳው ሲሸኝ ደግሞ ይበተናል። ሶፋችን የሦስት ሙሽሮችን ሽማግሌዎች አስቀምጧል። የጋብቻ ጉዳይ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል።

ይህን ሥርዓት ማን እንዳወጣው አላውቅም። እውነቱን ለመናገር እኮራበት ነበር። ባለፈው ጥር እስከ ነበረችው አንዲት ማክሰኞ ድረስ።

እትዬ ዘይነባ ከእኛ ቤት ጋር ግድግዳ የምትጋራ ጎረቤታችን ናት። ባሏ ከሞቱ ቆይቷል፤ ሁለት ሴት ልጆቿን ያሳደገችው በወጥ ነው። የጓዳ ወጥ እንዳይመስላችሁ፤ የድግስ ወጥ ሠሪ ናት። ከጎፋ እስከ ብስራተ ገብርኤል የሙስሊም ሠርግ ካለ እሷ አለች፤ የክርስቲያን ሠርግ ሲሆንም ለሙስሊም እንግዶች ለብቻ የሚሰናዳውን ማዕድ የምትይዘው እሷ ነበረች። አራት ጎላ ነበራት፤ ጎላ ስላችሁ ሰው ገብቶ ሊታጠብበት የሚችለውን ትልቁን የድግስ ድስት ማለቴ ነው። አራቱም ከቤቷ ጎን ባለችው ማድቤት፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ከዓመት ዓመት ተደርድረው ይኖሩ ነበር። ድግስ ሲደርስ ስምንት ሴት ከሥሯ ታሰልፋለች። ማማሰያዋን ይዛ በግቢው ስትዘዋወር እኔ እንኳ፣ የሒሳብ መምህሩ፣ ሽንኩርት ላጥ እንዳትለኝ ወደ ቤቴ እገባ ነበር።

ከዚያ ኮሮና መጣ። የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አልደግመውም። ሠርግ ቀረ። ለሙሽሮቹ ብዙ ሰው አዘነላቸው፤ ለወጥ ሠሪ ያዘነ ግን አላየሁም። እትዬ ዘይነባ አንደኛውን ጎላ ሸጠች። ቆየችና ሁለተኛውን ሸጠች። በሽታው ገለል ብሎ ሰው እንደገና መጋባት ሲጀምር አንድም አልቀራትም ነበር። ጎላ የሌላትን ወጥ ሠሪ ደግሞ ማንም አይጠራትም፤ ደጋሽ የሚፈልገው እጅና ዕቃ አብሮ ነው። ስለዚህ ጥሪው ሁሉ ድሮ ከሥሯ ትሠራ ወደነበረችው ሴት ዞረ፤ ያቺ ሴት በደህናው ጊዜ የራሷን ዕቃ ገዝታ ነበር። እትዬ ዘይነባም ልጆቿን ለማብላት ስትል ራሷ ባስተማረቻት ሴት ሥር ሽንኩርት መላጥ ጀመረች። ማታ ዓይኗ ቀልቶ ትመለሳለች። "ይኼ ሽንኩርት ፈጀኝ እኮ" ትላለች። እኛም ሽንኩርቱ ነው እንላለን። ዓመታት እንዲህ አለፉ።

በቅርቡ በሰፈራችን በአንድ ኮሚቴ አማካይነት በወረርሽኙ የተጎዱ ቤተሰቦችንና ሠራተኞችን መልሶ የማቋቋም ሥራ ተጀመረ። ገንዘብ አይደለም የሚሰጡት፤ የሥራ ዕቃ ነው። ልብስ ሰፊ ለነበረ መኪና፣ ፀጉር ሠሪ ለነበረች ካስክ፣ ወጥ ሠሪ ለነበረች ጎላ። ሐሳቡ ደግ ነው፤ እንከን አላወጣለትም። አሠራሩም ቀጥተኛ ነበር። ያኔ ተጎዳ ተብሎ ስሙ የተጻፈውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄደው ኑሮውን በዓይናቸው ያያሉ፤ አይተው ይወስናሉ። አንድ ነገር ብቻ ሳያስቡ ቀሩ። የሰው ቤት የሚሄድ ሰው እንግዳ ነው።

ሰኞ ከሰዓት የእትዬ ዘይነባ ስልክ ጮኸ። አናግራ ስትጨርስ አስቴርን ከበራችን ጠራቻት።

"አስቱዬ፣ ጉዴ ፈላ! ነገ ከኮሚቴ ሦስት ሰዎች ቤቴ ሊመጡ ነው።"

"ነገ?" አለች አስቴር ደረቷን ይዛ። "በዚህ ባዶ ቤት?"

ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያቅታችሁም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ምንጣፉ ተነጠፈ፣ መጋረጃው ተሰቀለ፣ ቴሌቪዥኑ ተተከለ። ማድቤቷ እንኳ አልቀረችም፤ የጠቆረው ወለል እንዳይታይ የወይዘሮ ብርቱካን አሮጌ ምንጣፍ ተዘረጋበት። የሶፋውን አንድ ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም። በሯ ላይ ስንደርስ አንድ ሐሳብ ብልጭ አለልኝ። እነዚህ ሰዎች የሚመጡት ችግሯን ሊያዩ አይደለም እንዴ? ይህንኑ ልናገር አፌን ስከፍት የሶፋው እግር ጣቴን ከመቃኑ ጋር አጣበቀው፣ ከአፌ የወጣውም ጩኸት ብቻ ሆነ። ጣቴን ሳሽ ሐሳቡ ጠፋብኝ ብዬ ለአስቴር ነግሬያታለሁ። ለእናንተ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ አልጠፋብኝም። ስምንት ሴት ታዝ የነበረችን ሰው ፊት ለፊት "እትዬ፣ ድህነትሽን አሳዪያቸው" ማለት አቃተኝ።

ማክሰኞ ጠዋት መጡ። ሰብሳቢው አቶ ወርቅነህ የሚባሉ፣ ጠና ያሉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። አብራቸው ፎርም የምትሞላ ወጣት መዝጋቢና አንድ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ያን ቀን ፈተና ላርም ቤት ውዬ ስለነበር፣ ግድግዳው ደግሞ ቀጭን ስለሆነ፣ ሳልፈልግም ሰማሁ። በእኛ ሶፋ ተቀመጡ። በወይዘሮ ብርቱካን ብርጭቆ ሻይ ጠጡ። የምስር ሳምቡሳ ቀረበላቸው፣ ተጨመረላቸው፣ እንደገና ተጨመረላቸው።

"ለመሆኑ ምን ቸግሮዎታል?" አሉ አቶ ወርቅነህ።

"አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልቸገረኝ" አለች እትዬ ዘይነባ።

ከግድግዳው ወዲህ ራሴን ያዝኩ።

"የሥራ ዕቃስ? ጎላ ሸጠዋል ተብሎ ተጽፏል።"

"እሱ እንኳ ቢገኝ ጥሩ ነበር። ኧረ ብሉ እንጂ! ምነው? አልጣፈጠም እንዴ?"

መርቀዋት ወጡ። በወጡ በደቂቃው የእኔ በር ተንኳኳ። ለካ በዚያ ክፉ ጊዜ የግል ትምህርት ቤት መምህራንም ስማችን ተጽፎ ኖሯል፤ ስልኬን ቀይሬ ስለነበር ፈልገው አጥተውኛል። እኔ እንግዳ መጠበቄን አላውቅም። የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ ተቀምጫለሁ፤ የፈተናው ወረቀት ጉልበቴ ላይ ነው፤ ሳሎኔ ወና ሆኗል።

"ትምህርት ቤት ተዘግቶ በነበረ ጊዜ ደመወዝ ያገኙ ነበር?" አለችኝ መዝጋቢዋ።

"አልፎ አልፎ" አልኩ። ስድስት ወር ሙሉ አንድም ቀን አላገኘሁም።

ልጅቷ ባዶውን ክፍል ዞር ዞር ብላ አየችና ጻፈች። አቶ ወርቅነህ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። "አይዞህ መምህር፣ ያልፋል" አሉኝ። ዕቃዬ ጎረቤት ነው ማለት ነበረብኝ። ይህን ብናገር ግን እትዬ ዘይነባን ማጋለጥ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ይህ ነው፤ እስካሁንም ግማሹን አምነዋለሁ።

በሳምንቱ የስም ዝርዝሩ ኮሚቴው ቢሮ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። እኔና እትዬ ዘይነባ አብረን ሄድን። የእሷ ስም "ኑሯቸው የተሻለ" በሚለው ሥር ነበር። የእኔ ስም ከተመረጡት ዘንድ፣ ከጎኑም "ምንም የቤት ዕቃ የሌለው" የሚል ማስታወሻ፤ የሚሰጠኝም እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ከነቤታቸው። ከኋላዬ የቆመ ሰው አንብቦ ሲጨርስ "የሒሳብ መምህር መሆናቸው ጥሩ ነው፣ ቢያንስ ሲጎድሉ ያውቃሉ" አለ። ሰው ሳቀ። እኔም ለወጉ ያህል ሳቅሁ።

"እንኳን ደስ ያለህ መምህር" አለችኝ እትዬ ዘይነባ። ከልቧ ነበር የተናገረችው፤ የባሰብኝም ይኸው ነው። ከዚያ ሻርፗን አስተካከለችና ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። እዚያ ግድግዳ አጠገብ ሽንኩርት አልነበረም።

እዚህ ላይ ሳልነግራችሁ ያለፍኩት አንድ ነገር አለ። ደመወዝ በተቋረጠብን ወራት እኛ ቤት ምን ተበላ? እትዬ ዘይነባ በየሳምንቱ ማለት ይቻላል ሳህን ከድና ትመጣ ነበር። ምስር ወጥ፣ አልጫ ድንች፣ አንዳንዴ ሩዝ። የእኛን ነገር ስለምታውቅ ሥጋ የነካው አልነበረም። በሩ ላይ ቆማ አፏን በማስክ ሸፍና "ከድግስ የተረፈ ነው፣ እንዳይበላሽ ብዬ ነው" ትለናለች። ከድግስ! ሠርግ በተከለከለበት፣ ለቅሶ እንኳ በሩቁ በሚደረስበት ወር! እኔና አስቴር ተያይተን እንቀበላለን። ማን ደገሰ ብለን አልጠየቅንም። አንደኛው ጎላ የተሸጠ ሰሞን ነው ሳህኑ መምጣት የጀመረው። አስተውያለሁ። አስተውዬ በልቻለሁ።

እንዲህም ሆኖ ወዲያው ሮጬ ኮሚቴው ቢሮ ሄድኩ ብል ዋሸኋችሁ ማለት ነው። ሁለት ቀን አሰብኩበት። አስቴር የዶሮዎቹን ቤት የት እንደምታደርገው በእርምጃ ለክታ ጨርሳ ነበር፤ ከማድቤቱ ጀርባ፣ ጥላው ጋ። እኛም እኮ ከዚያ ጊዜ ወዲህ በደንብ ቀና አላልንም። ሶፋ አለን፤ ሶፋ ግን አይበላም፣ እንቁላልም አይጥልም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አስቴር ቁርስ እያቀረበች፣ ሳታየኝ፣ "ዛሬ ሄደህ ንገራቸው" አለችኝ። ምኑን ብዬ አልጠየቅኳትም።

መጀመሪያ እትዬ ዘይነባን አብረን አቤት እንበል አልኳት። ቁጣዋን ባያችሁ!

"ምን ብዬ? የተቀመጣችሁበት የሰው ነው ልበላቸው? ቤቴ የገባን እንግዳ? ጎላው ገደል ይግባ!"

ስለዚህ ብቻዬን ሄድኩ። ተራዬ ሲደርስ አቶ ወርቅነህ ፊት ቆምኩና "ያ ሶፋ የእኔ ነው" አልኩ። አልገባቸውም። ከሥር ጀምሬ አስረዳኋቸው፤ ስለ ሶፋው፣ ስለ ምንጣፉ፣ ስለ ግቢያችን ሥርዓት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

"መምህር፣ እኛ ስንመጣ ዕቃውን የሚያሸሽ ሰው አይተናል። ብዙ አይተናል። ዕቃ የሚያስገባ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመንም።"

"ግቢያችን ይምጡና ይዩ።"

በነጋታው ከመዝጋቢዋ ጋር መጡ። ሶፋው ያኔ ወደ ቤቱ ተመልሷል። አቶ ወርቅነህ በራችን ላይ ቆመው ሶፋውንም እኔንም አዩ። ባለፈው ሳምንት እዚያ የነበረ ሶፋ ዛሬ እዚህ ቢገኝ የቱን ይመኑ? እኔ ብሆን አላምንም። ደረሰኝ የለኝ፤ ምስክር ልጥራ ብል ምስክሮቼ እነዚያው ምንጣፍ አንጣፊዎች ናቸው። ሲጨንቀኝ ሶፋውን በአንድ በኩል አንሥቼ ገፋሁት። የወለላችን ፕላስቲክ ላይ አራት ጉድጓዶች አሉ፤ ሶፋው ለዓመታት ተቀምጦባቸው የሠራቸው። አቶ ወርቅነህ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነኳቸው። ከዚያ ሌላኛውን ጫፍ ራሳቸው ያዙና አብረን መለስነው። አራቱም እግር አራቱ ጉድጓድ ውስጥ ገጭ ብሎ ገባ።

"እሺ፣ ሶፋው ያንተ ነው" አሉ ወገባቸውን እየያዙ።

"ይህ የሶፋውን ነገር ነው የሚያሳየው" አለች መዝጋቢዋ፤ ሥራዋን የምታውቅ ልጅ ናት። "የሴትየዋስ?"

እትዬ ዘይነባ ድምፅ ሰምታ ወጥታ ነበር። ሳትዘጋጅ የመጣባት እንግዳ ሲገጥማት ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋት። ቤቷ ባዶ፣ በሯ ክፍት፣ የምታቀርበው ነገር የላት። ግቡ ማለት ፈለገች፣ የት ላይ ተቀመጡ ትበላቸው? እጇን በቀሚሷ እየጠራረገች መሐል ግቢ ቀረች። እኔ ነኝ ያመጣሁባት፤ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

አቶ ወርቅነህ ወደ ማድቤቷ ዘለቁ። ያን ቀን የሸፈነው ምንጣፍ ተነሥቷል። ሲሚንቶው ላይ አራት ትላልቅ ጥቁር ክቦች ጎን ለጎን ይታያሉ፤ ጎላዎቹ የነበሩበት ቦታ ነው፤ የስንት ዓመት ጥላሸት ወለሉ ውስጥ ሰርጎ ቀርቷል። ሰውየው ክቦቹን አንድ በአንድ ቆጠሩ። እትዬ ዘይነባ ደንግጣ ተከተለቻቸው።

"ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ቆሽሿል። ስንቴ ፈተግሁት መሰላችሁ! አልለቅ አለኝ።"

"አይልቀቅ" አሉ አቶ ወርቅነህ። ወደ መዝጋቢዋ ዞረው "ጻፊ" አሏት።

የእኔ ስም እዚያው ቆመን ሳለን ተሰረዘ። ፈርም ተባልኩ፣ ፈረምኩ። ቅር አላለኝም ብል ውሸት ነው፤ ብዕሩን ስመልስ ዓይኔ ከማድቤቱ ጀርባ ወዳለችው ጥላ ሄዷል። አስቴርም ወደዚያው ስታይ ያዝኳት።

ጎላዎቹ መጡ። የመጡት ግን የጥር ሠርግ ሁሉ ተሠርጎ ካለቀ በኋላ ነው፤ የቢሮ ነገር ታውቁታላችሁ። አራት ሳይሆን ሦስት ናቸው። እትዬ ዘይነባ እያንዳንዳቸውን በየክባቸው ላይ አስቀመጠቻቸውና አራተኛውን ክብ ባዶውን ተወችው። ኮሚቴው ለርክክብ ሲመጣ ፎቶ ይነሣል መባሉን የሰማች አስቴር እኔን አየች፣ ሶፋውን አየች፣ እንደገና እኔን አየች። ሄጄ ሶፋው ላይ በጀርባዬ ተጋደምኩ። እንግዶቹም ቆመው ፎቶ ተነሡ።

አሁን እትዬ ዘይነባ ሽንኩርት አትልጥም። ለፋሲካ ማግስት ሠርግ ከጎፋ ሁለት ቤተሰብ ቀጥሯታል፤ ከስምንቱ ሴቶች አምስቱን መልሳ ሰብስባለች። እስከዚያው ግን ሥራ የለም። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ ገብተዋል፤ ክርስቲያኑም አይዳር፣ ሙስሊሙም አይዳር።

ጎላዎቹ በመጡ በሳምንቱ አመሻሽ ላይ በራችን ተንኳኳ። እትዬ ዘይነባ ናት፤ ሁለት እጇን የሞላ ሳህን ከድና ይዛለች። ምስር ወጥና አልጫ ድንች፣ ትኩስ፣ እንፋሎቱ ገና በክዳኑ ጠርዝ ይወጣል።

"ከድግስ የተረፈ ነው፣ እንዳይበላሽ ብዬ ነው" አለችን።

አስቴር ሳህኑን ተቀበለቻት። እግዜር ይስጥልን አልን፤ ቀርበን በላን። ማን ደገሰ ብለን አልጠየቅንም።